ቀዩ ኮከብና የማታው ጀሪካን

የተያዝኩት ጅቡቲ ከተማ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በዘበኝነት በምሠራበት ቪላ በር ላይ ቁርሴን ስበላ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ስሜን ከነአያቴ ጠርተው «አንተ ነህ?» አሉኝ። ጅቡቲ ውስጥ ከነአያቴ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። ስሜ ከአገር ቤት ተልኮ እንደመጣ እዚያው ገባኝ። ዳቦዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። ሰው ስጠብቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ እኔን ወደሚጠብቁኝ ሰዎች በፒክአፕ ተጭኜ ሄድኩ።

አገሬ ላይ የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ግቢያችን ውስጥ ረብሻ ተነሥቶ ጓደኞቼ ሲታፈሱ እኔ በባቡር ሾልኬ ድንበር ተሻገርኩ። የሕግ ትምህርቴ ለዘበኝነት ብዙም አልጠቀመኝም፤ ለእስር ቤት ደግሞ ጭራሽ።

ያስገቡኝ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ፣ ድሮ የዕቃ ማከማቻ የነበረ ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ላብ፣ የሽንት ባልዲ፣ የሻገተ ዳቦ። መስኮት የለውም። ጣሪያው መሐል ላይ ግን ቬንትሌተር ሊገጠምበት ተበስቶ የተረሳ፣ ሰፌድ የሚያክል ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ሥር አንድ ሽበታም ሰው ካርቶን ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ወደ ላይ ያያሉ። የተሰነጠቀ መነጽር አድርገዋል። ቀና ብለው አዩኝና ካርቶናቸውን ገፋ አደረጉልኝ።

«ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ትንሽ አየር አለ» አሉኝ።

በፖለቲካ የታሰርነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። የቀሩት ወደ የመን ሊሻገሩ ሲሉ በራፍል የተያዙ ያገሬ ሰዎች ናቸው። ራፍል ጅቡቲዎች አፈሳን የሚጠሩበት የፈረንሳይ ቃል ነው፤ ቃሉ ያምራል፣ ሥራው ያው ነው።

ሽበታሙ ሰው የፊዚክስ መምህር ነበሩ። አገር ቤት ሦስት ተማሪዎቻቸው «ትምህርት ቤት ውስጥ ጠመንጃ ደብቃችኋል» ተብለው ታስረዋል። ከሳሾቹ የጎደላቸው ምስክር ነው። የትምህርት ቤቱን መጋዘን ቁልፍ የያዙት መምህሩ ስለነበሩ፣ «ጠመንጃው ሲገባ አይቻለሁ» ቢሉ ክሱ ይሞላል፤ ልጆቹም ያልቅላቸዋል። ይህን ላለማለት እስከ ጅቡቲ ሸሹ። እዚህም ደረሱባቸው። ከአገር ቤት የሚመጡ ሁለት ሰዎች ባሻቸው ጊዜ እያስጠሩ ያንኑ ይጠይቋቸዋል። የመምህሩም መልስ ያው ነው።

«ያላየሁትን አየሁ አልልም።»

ከጥያቄ ሲመለሱ አንዳንድ ቀን በእግራቸው ይገባሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለት ሰዎች ብብታቸውን ይዘው አምጥተው ይጥሏቸዋል። ይህን ሁሉ ስለራሳቸው አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ኮከቡ ነው።

በዚያ ወቅት ጀምበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን ተብሎ ትንሽ እንደቆየ፣ የማታው ኢሻ ሳይጠራ፣ አንድ ቀይ ኮከብ በቀዳዳችን ላይ ያልፍ ነበር። ፈረንሳዮች ቤቴልዠዝ ይሉታል አሉን። ፀሐይ ባለችበት ቦታ ብናስቀምጠው ምድርን ይውጣታል። አርጅቷል፤ ነዳጁም እያለቀ ነው።

«ከመታሰሬ በፊት ጀምሮ ስከታተለው እየደበዘዘ ነው» አሉ። «ሊፈነዳ ይሆናል። ከፈነዳ ማታው እንደ ጨረቃ ብርሃን ይሆናል። በቀንም ይታያል።»

«መቼ?» አለ አንድ ረጅም የወሎ ሰው። ሳዑዲ ደርሶ ተባሮ፣ እንደገና ሲሞክር የተያዘ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ወይ ዛሬ፣ ወይ የዛሬ መቶ ሺህ ዓመት።»

እኛ የሰማነው «ዛሬ» የምትለዋን ብቻ ነው። እስረኛ ጆሮው እንደዚያ ነው። በማግስቱ ያ ሁሉ ሰው ከመግሪብ በኋላ ቀዳዳው ሥር ተደራርቦ ወደ ላይ ያንጋጥጥ ጀመር። መምህሩ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመታት እንደሚፈጅበት፣ ስለዚህ ኮከቡ ድሮ ፈንድቶ ወሬው ገና መንገድ ላይ ሊሆን እንደሚችል ሲያስረዱን፣ ወሎዬው ጭኑን መታ።

«ታዲያ የእኛም መፈታት ተወስኖ ወሬው መንገድ ላይ ነዋ! አብሽሩ ጓዶች!»

ሳቅን። እዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሳቃችንንም የኮከቡንም ወሬ የማታው ጠባቂ በበሩ ሰማው። ድሬዳዋ ያደገ ጅቡቲያዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ጫቱን ሲቅም ውሎ፣ መርቅኖ፣ የማታውን ጀሪካን ይዞልን ይመጣል። ጠዋት አንድ ጀሪካን፣ ማታ አንድ ጀሪካን፤ ለሃያ ለምናህል ሰዎች፣ በዚያ ሙቀት። የምንጠጣው በቲማቲም ጣሳ እየተሰፈረ ነው።

«አቦ ሽማግሌው፣ ፈነዳ?» አለ በበሩ ቀዳዳ።

«ገና ነው» አሉ መምህሩ።

ስቆ ጀሪካኑን አስገባልን። በማግስቱም ጠየቀ፣ ስቆ አስገባ። እኛም አብረን ሳቅን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛ ሳቅ ግን ውሃውን ራሱን ወሰደብን። አንድ ቀን ጠባቂው «ገና ነው» የሚለውን መልስ ሰምቶ አልሳቀም።

«ፈነዳ ካልክ ውሃ አለ። ካልፈነዳ ውሃም የለም» ብሎ ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ።

ቀልድ መሰለን። በማግስቱም እንደዚያው አደረገ። በሦስተኛው ቀን ቀልድ እንዳልሆነ ምላሳችን ነገረን። የተጠማ ከፈሳሽ፣ የተበደለ ከነጋሽ ይላሉ አባቶች። እኛ ዘንድ ፈሳሹም ንግሥናውም በዚያ ሰውዬ እጅ ላይ ነበር።

መካከላችን አንድ ሕመምተኛ ነበር። ከአርሲ የመጣ፣ ኦቦክ ባሕር ዳርቻ ላይ የተያዘ ጎልማሳ ነው። አማርኛው ጥቂት ነው። ሆዱን ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ዓይኖቹ ጎድጉደው ገብተዋል። የጠዋቱን ውሃ አብዛኛውን ለእሱ ብንተውለትም አልበቃውም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ዝንብ ሲያርፍበት አያባርርም።

ወሎዬው መምህሩ ላይ ተነሣ።

«እርስዎ ራስዎ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል ብለዋል! ታዲያ ፈነዳ ቢሉት ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?»

«እሱ የሚጠይቀኝ አየህ ወይ ብሎ ነው» አሉ መምህሩ። «አላየሁም።»

«ወላሂ ይኸ ሰውዬ ለኮከብ ብለው ሰው ይገድላሉ!»

ሌሎቹም ጮኹባቸው። አንዱ ካርቶናቸውን ከቀዳዳው ሥር ስቦ ባልዲው አጠገብ ወረወረው። መምህሩ ባልዲው ዘንድ ሄደው ተቀመጡ። እኔም በልቤ ተናድጄባቸው ነበር። የተጠማ ሰው መምህር አያከብርም።

ያን ዕለት ሲመሽ አርሲው ማቃሰቱን አቆመ። ወሎዬው ጆሮውን ደረቱ ላይ ደቅኖ አደመጠ። «አለ» አለን፤ ደግሞ ቆይቶ «እንጃ» አለን። መግሪብ ተጠራ። ቀዩ ኮከብ እንደ ወትሮው ከቀዳዳው ጠርዝ ብቅ አለ። የጠባቂው ኮቴ ተሰማ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫቦጭ ሁላችንም ጆሯችን ቆመ።

«አቦ ሽማግሌው፣ ፈነዳ?»

መምህሩ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። በሩ ድረስ ሄዱ። ወደ አርሲው ዞረው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፈነዳ» አሉ።

ጠባቂው ከውጭ ከት ብሎ ሳቀ።

«ውሸታም! እኔ ከዚህ ሆኜ እያየሁት አይደል? ያው እላይህ ላይ ተገትሯል! ለአንድ ጀሪካን ውሃ አየሁ አልክ፣ አይደል? ጎሽ። አፍህ ተፈታ። ነገ ለእንግዶችህም እንዲሁ በላቸው፤ ሲጠብቁ ስንት ጊዜያቸው ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጨዋታው የእሱ አልነበረም። ወይም እሱ የጀመረውን ጨዋታ ከአገር ቤት የሚመጡት ሁለቱ ሰዎች ወስደውበት ነበር። በሩን ከፈተ፤ ጀሪካኑን ከደፉ ወዲያ ሲሚንቶው ላይ አዘነበለው። እየቆጠበ፣ ሳይቸኩል ደፋው። ወሎዬው ሸሚዙን አውልቆ በበሩ ሥር በፈሰሰችው ጭላጭ ላይ ጣለው፤ ነክሮም አርሲው አፍ ውስጥ ጨመቀለት። አሸዋ ያለበት ጠብታ ነው። አርሲው ዋጠ። ጠባቂው በሩን ዘግቶ ሄደ፤ ሲሄድ ያፏጭ ነበር። ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ያፏጫል እያልኩ ዛሬም እገረማለሁ፤ ዛሬም እጠላዋለሁ።

በማግስቱ መምህሩ ተጠሩ። ሲመለሱ መነጽራቸው የለም፤ ከንፈራቸው ደምቷል። ወሎዬው ዐይናቸውን ማየት ፈርቶ ካርቶናቸውን ከባልዲው አጠገብ አንሥቶ በቀዳዳው ሥር አነጠፈላቸው።

«ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«ለውሃ የዋሸህ ለነፍስህ ለምን አትዋሽም አሉኝ።»

«እርስዎስ?»

«ለውሃ ዋሽቻለሁ፣ ውሃውም አልመጣም አልኳቸው።» ሊስቁ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው አልፈቀደላቸውም። «በኮከብ ብዋሽ የሚሰቀል ሰው የለም ልጄ። እነዚያን ልጆች ግን ፊደል ያስቆጠርኳቸው ያህል አውቃቸዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ መኪና መጣባቸው። ወደ ድንበር የሚሄደውን መኪና ሁላችንም በድምፁ እናውቀዋለን፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ነው የሚጠብቀው። መምህሩ ስማቸው ሲጠራ አልደነገጡም። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ግን አዛንፈው ስለቆለፉት እኔ አስተካከልኩላቸው። አርሲውን ከነካርቶኑ ጎትተን በእሳቸው ቦታ፣ ከቀዳዳው ሥር እንድናስተኛው አደረጉ።

«ውሃ ስታገኙ መጀመሪያ ለእሱ» አሉ። ወሎዬው እጃቸውን ይዞ ሳመ። መምህሩ ወጡ።

መግሪብ ተጠራ። ቀዩ ኮከብ መጣ። ደብዝዞ ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ ታየኝ። ጠባቂውም መጣ፤ ጉንጩ በጫት አብጧል። ጀሪካኑን መሬት ሲያሳርፈው ሙሉ እንደሆነ በድምፁ አወቅን።

«እሺ፣ አዲሱ ኮከብ ቆጣሪ ማነው?» አለ። «ማንም ይሁን። አንድ ሰው ፈነዳ ይበልና ጠጡ። ወላሂ ዛሬ አልደፋውም።»

ይመስለኛል እውነቱን ነበር። ከእኛ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም፤ እንግዶቹም ሄደዋል። ቃሏን ብቻ ለምዷታል። ወሎዬው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። አሁን ሊለው ነው አልኩ፤ እንዲለውም ፈልጌ ነበር።

ከቀዳዳው ሥር ግን አንድ የሻከረ ድምፅ ተሰማ። አርሲው ነው። «ፈነዳ»ን ከየማታው ጥያቄ ለቅሞ በጥቂቷ አማርኛው ገልብጧት ኖሯል።

«አልፈነዳም» አለ።

ጠባቂው «ማነው?» አለ።

«አልፈነዳም» አለ ወሎዬው። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ እኔ። በየተራ እንጂ በአንድነት አልጮህንም፤ ሁሉም ስሙ ሲጠራ አቤት እንደሚል ሰው ቀስ ብሎ አለው። ጠባቂው ጀሪካኑን አነሣ፤ ውሃው እየተንቦጫቦጨ ራቀ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ጠዋት ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ለአርሲው ሰጠነው፤ ጠጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ «ሐኪም ቤት» ብለው ወሰዱት። ወደ እኛ አልተመለሰም።

እኔን ለምን እንደለቀቁኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እዚሁ ጅቡቲ፣ ባልባላ ውስጥ ዋራበሌ በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ትዳርም ይዣለሁ። ሱቁ በር ላይ ጀሪካንና ጣሳ አስቀምጣለሁ። ያሻው ይጠጣል፤ ማንንም ምንም አልጠይቅም። ያንን ጠባቂ አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ አየሁት፤ አርጅቷል። እሱ አላወቀኝም።

በቅርቡ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከአገር ቤት መጥቶ ሱቄ በር ላይ ውሃ ሲጠጣ፣ ከየት አካባቢ እንደሆነ ስጠይቀው የመምህሩን ከተማ ጠራ። ስለ ሦስቱ ልጆች ጠየቅኩት። ምስክር ጠፍቶ ተፈተዋል ሲባል ሰምቻለሁ አለኝ። ስለ መምህሩ ምንም አልሰማም። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ሚስቴ ዐይኔን አይታ «ልጆቹ ተፈቱ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ ብላት ምን ያህል ደስ ባለኝ።

«አላየሁም» አልኳት።

መግሪብ ሲጠራ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቀዩ ኮከብ ቦታው ላይ ነበር፤ እንደገና ደምቋል። እሱን ግን አይቻለሁ።