ጡሩምባው ያልጮኸበት ቀትር

ሰሞኑን ሸዋ ሮቢት ላይ ጥጥ ዘነበ ብል የሚያምነኝ የለም። የድሮውን የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ለሱቅ፣ ለቢሮና ለመኖሪያ ቤት ሊያድሱት ተነሥተው ለዓመታት ተዘግቶ የኖረውን ክፍል ሲከፍቱት፣ እዚያ ታምቆ የቆየውን ብናኝ ነፋስ አንሥቶ በከተማው ላይ በተነው። ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ስመርጥ አንዱ እጄ ላይ አረፈ፤ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋው የማሽን ዘይትና የታፈነ የጥጥ ፍሬ ሸተተኝ። ሻጯ ዓይኔን አይታ፣ “እትዬ፣ ሽንኩርቱ ነው እንዲህ ያስለቀሰዎት?” አለችኝ። “አዎ፣ ኃይለኛ ነው” ብያት ሁለት ኪሎ ገዛሁ።

ያ ሽታ የአባቴ ሽታ ነው። አባዬ የፋብሪካው የመብራት ሠራተኛ ነበር፤ ከሞተሩና ከሽቦው ሌላ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን ጡሩምባ በሰዓቱ የሚያስጮኸው እሱ ነው። ደርግ ፋብሪካውን ወርሶ በሩ ላይ ቀይ መፈክር ካንጠለጠለበት ወዲህ ብዙ ነገር ቢቀያየርም ጡሩምባው እንደ ድሮው ጧት ለመግቢያ፣ ቀትር ለምሳ፣ ማታ ለመውጫ ይጮኽ ነበር። ሰዓት ያሰረ ሰው እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ቆላ ሴቱ ወጡን የሚያወጣው፣ ከከተማው ዳር ያለው ገበሬ በሬውን የሚፈታው፣ አስተማሪያችንም ጠመኔውን የሚያስቀምጠው በእሱ ድምፅ ነው። የሰፈር ልጆች አባቴን ከዕድር ጡሩምባ ነፊ ጋር አንድ አድርገው “ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?” እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። እበሽቃለሁ እንጂ በውስጤስ እኮራ ነበር፤ የማን አባት ነው ከተማውን ሙሉ ምሳ የሚያበላ!

የሠራተኛው ምሳ የሚሄደው ጡሩምባው ሲጮኽ ብቻ ነው፤ ዘበኛው ከዚያ በፊት ለማንም በር አይከፍትም። ሲጮኽ ግን ከየቤቱ ወንዱም ሴቱም ልጅ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ይወጣና ያ የሚፋጅ አቧራማ መንገድ ገበያ ይመስላል። ከእኛ ቤት የምንሄደው እኔና ታላቅ ወንድሜ ግርማ ነበርን። ቁመቱ መለል ያለ፣ እግሩ ከአልጋው የሚተርፍ ጎረምሳ ስለነበር እሱ አንዴ ሲራመድ እኔ ሦስቴ እሮጣለሁ። ፀሐዩ ሲበረታብኝ የፓፓያ ቅጠል ቀጥፎ ራሴ ላይ ይደፋልኝና፣ ምሳ ዕቃውን እያወዛወዘ ሄዶ ወጡን ሲያፈሰው ደግሞ በእኔ ያሳብባል። ወንድምጋሼ ነበር የምለው፤ ዛሬ ድረስ በስሙ ብቻ ልጠራው ስል አፌን ይይዘኛል።

መብራት የጠፋ ቀን ጡሩምባው አይጮኽም፤ በቀን አምፖል የሚያበራ ስለሌለ መጥፋቱን የምናውቀው በእሱ ዝምታ ነው። ያን ጊዜ እማዬ በረንዳ ላይ ቆማ የግቢያችንን የኒም ዛፍ ታያለች፤ ጥላው ግንዱ ሥር ጥቅልል ሲል ትልከናለች። ጎረቤቶቹም እኛ ስንወጣ አይተው ነው ልጆቻቸውን የሚልኩት። “የጡሩምባ ነፊ ሚስት ሰዓት አትስትም” ይሏታል። እሷም ያልሰማች መስላ ሻሿን ታስተካክላለች። የአባዬ ምሳ አንድም ቀን ቀዝቅዞ አያውቅም፤ ይህ የእማዬ ማዕረግ ነበር።

ጎረምሳ እየያዙ ለጦርነት የሚልኩበትን የአፈሳውን ወሬ ከወዲያ ከወዲህ እንሰማለን እንጂ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ያን ቀን ወባዬ ተነሥቶብኝ በር ሥር ተኝቼ እንቀጠቀጣለሁ። እማዬ ዛፏን ደጋግማ አየች፤ “ዛሬም ይሄ መብራት ጠፋ” ብላ አጉረመረመችና ምሳ ዕቃውን በጨርቅ ቋጥራ ለወንድምጋሼ ሰጠችው። ሲወጣ በእግሩ ጫፍ ነካ አድርጎኝ “አንቺ ሰነፍ፣ የዛሬውን ወጥ በማን ላሳብብ?” አለኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው፣ እማዬ ያለ ነጠላ፣ ራሷን ይዛ ስትገባና ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ከኋላዋ ሲግተለተል ነው።

ወንድምጋሼን ከፋብሪካው በር ላይ አፍሰው፣ በመንገዱ ካገኟቸው ጥቂት ጎረምሶች ጋር በኦራል የጦር መኪና ጭነውት ሄዱ። ሌሎቹ እናቶች የእሱን መውጣት አይተው ልጆቻቸውን ሊልኩ ሲነሡ ወሬው ስለደረሰ የብዙ ሰው ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ። ወደ ሰሜን ወሰዱት አሉን፤ ከዚያ ወዲያ ደብዛው ጠፋ። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ማታ አመጣልን፤ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ ምሳ በልቶ አያውቅም።

የዚያን ቀን ነገር አባዬ የነገረኝ ሊሞት ሰሞን ነው። ሁለት ኦራል ከጥጥ ፍሬው መጋዘን ጀርባ ተደብቆ ነበር። የፋብሪካው ካድሬ መጥቶ “እንደ ወትሮው በሰዓቱ አስጩኽ” ሲለው ነገሩ ገባው፤ ጡሩምባው ከጮኸ የከተማው ጎረምሳ ምሳውን ይዞ በገዛ እግሩ በሩ ላይ ይሰበሰባል። ፊውዙን ነቅሎ ጥጥ ውስጥ ቀበረና “ተቃጥሏል” አለ። በጥፊ አጮሉት፤ እሱ ግን ዝም ካልኩ ልጆቹ ከቤት አይወጡም ብሎ ልቡ አርፎ ነበር። “የዛፏን ጥላ ረሳሁት፣ ልጄ” አለኝ። አስረውት ሲለቁት ለእማዬ የነገራት መብራት ጠፍቶ ነበር ብሎ ነው። ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት ቢላት፣ ያ ዝምታ ማስጠንቀቂያ እንደነበረና እሷ ግን በላዩ ላይ ልጇን እንደላከችው ታውቃለቻ! የሥራ ባልደረቦቹም ምስጢሩን ጠብቀውለት ኖሩ። እኔንም “እናትሽ ሳታውቅ ትሙት” ብሎ አስማለኝ።

እንግዲህ አሁን እድሳቱን የሚመራው ወጣት መሐንዲስ ቤቴ ድረስ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ከአንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ታሪኩን ሰምቷል፤ ጡሩምባውን ጠግኖ በየቀኑ ቀትር ላይ ሊያስጮኸው፣ ከሥሩም የአባዬን ስምና ያደረገውን በድንጋይ ላይ ሊያስቀርጽ አስቧል። “እትዬ፣ ከተማው ይወቅላቸው እንጂ!” አለኝ። እማዬ ጓዳ ተኝታ ነበርና ድምፁን እንዲቀንስ ለመንኩት። ጡሩምባውን አስጩኽ፣ ድንጋዩን ግን ተወው አልኩት። ቅር እያለው ሄደ።

በምርቃቱ ቀን እማዬ ካልሄድኩ ብላ አስቸገረች። በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ጥጡ ይከመርበት የነበረው አዳራሽ የጫማ መደብር ሆኗል፤ ሚዛኑ ከቆመበት ቦታ ጭማቂ ይሸጣል፤ የአባዬ የሥራ ክፍል የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ቆሞበታል። ፎቁ ላይ ሰዎች ከወዲሁ ልብስ አስጥተዋል። የማውቀው ሽታ በቀለም ሽታ ተሸፍኗል። ቀትር ሲሆን ጡሩምባው ጮኸ፤ ሰዉ አጨበጨበ። እማዬ ግን ክንዴን ጨመቀችኝ።

“ያን ቀን መብራት ነበር” አለችኝ።

ዞሬ አየኋት።

“ወንድምሽን ልኬ ክብሪት ልገዛ ዘሃራ ሻይ ቤት ብገባ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ያኔ ገባኝ። አባትሽ ያለ ነገር ዝም አይልም። ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ... አልደረስኩም።”

“ለምን አልነገርሽውም?” አልኳት።

“ጠፍቶ ነበር ሲለኝ ጠፍቶ ነበር አልኩት። ያሳረፈኝ መስሎት ነበር የሚያድረው፣ ልጄ። እሱንስ ልንሣው?”

በዚያች ጠባብ ቤት አንድ አልጋ ላይ ያን ሁሉ ዘመን አንዱ ለሌላው ሲዋሽ ኖሯል። ሁለቱም እርማቸውን ለየብቻ አወጡ፤ አብረው ያለቀሱት ግን አንድም ቀን አልነበረም።

ባጃጅ ስጠራ፣ “ያን መሐንዲስ ጥሪውና የአባትሽን ስም ድንጋዩ ላይ ይጻፉለት፤ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ” አለችኝ። “የግርማንም ከሥሩ ይጨምሩ።”

መሐንዲሱ ደስ ብሎት እየሮጠ መጣ። ሁለቱን ስም ጻፈና ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

“ግርማ ደግሞ የምን ክፍል ሠራተኛ ነበሩ?”

“ምሳ ያመላልስ ነበር” አልኩት።