የአማቴ ቴምብር

ባለፈው እሁድ ቡራዩ፣ አማቴ ግቢ፣ ሽማግሌዎች ፊት እውነት ተናገርኩና ቀጣፊ ተባልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው...

አማቴ ኦቦ ቶሎሳ የአንድ የውጭ ድርጅት ሾፌር ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከደሞዛቸው እየቆረጡ ቴምብር ይገዙ ነበር። ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈውን አይደለም። ከውጭ በፖስታ የሚመጣ፣ በሚያምር አልበም የተሰደረ፣ ወርቅ የተቀባ፣ «ብርቅዬ» የሚል የምስክር ወረቀት ያለው ነው። ልጆቻቸው ጫማ ሲጠይቁ «ቆዩ፣ ይሄ አንድ ቀን ቤት ይገዛል» ይሏቸው ነበር አሉ።

ዘንድሮ እርጅናው ሲጫናቸው ንብረታቸውን በቁማቸው አካፈሉ። ሰበታ ያለውን የሚከራይ ቤት ለታላቁ ልጃቸው ለገመቹ፣ ቴምብሩን በሙሉ ለባለቤቴ ለጫልቱ። ሰው በተሰበሰበበት «ዋናውን የሰጠሁት ለሷ ነው» ብለውት አረፉ።

ገመቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቱን ማናገር ተወ። በዓል መጣ፣ አልደወለም። ልጃችን ታሞ ሆስፒታል ተኛ፣ ብቅ አላለም። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከብን... ከቴምብሩ ድርሻዬን ስጡኝ ብሎ።

ጫልቱ «ዋጋውን ጠይቅና ግማሹን እንስጠው። እኔ ወንድሜ ይመለስልኝ» አለችኝ። አልበሞቹን በፌስታል ይዤ አዲስ አበባ፣ አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር የሚገዛ አንድ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። ገለጥ ገለጥ አደረጋቸውና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

«ስንት ያወጣል?» አልኩት።

«ለልጆች መጫወቻ ስጣቸው።»

«ምስክር ወረቀት አለው እኮ።»

«ሁሉም አለው። ሲታተምም ለሰብሳቢ ተብሎ በገፍ ነው የታተመው። ወርቁም ቅብ ነው። ሰው ሁሉ ይወደዳል ብሎ ያስቀመጠው ነገር አይወደድም ወንድሜ።»

ለጫልቱ ነገርኳት። አልበሞቹን ተቀብላኝ «አባዬ እንዳይሰማ። ዕድሜውን ነው እዚያ ውስጥ ያስቀመጠው» አለች።

እሁድ ተሰበሰብን። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ታች ሰፈር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከድር ናቸው። መርቀው፣ ሁሉንም አዳምጠው ፈረዱ... ቤቱም ቴምብሩም ለሁለቱ እኩል ይካፈል። ገመቹ ንግግራቸው ሳያልቅ «እሺ፣ ተስማምቻለሁ» አለ።

እኔን ጨነቀኝ። ዝም ብል በማይረባ ወረቀት የሰው ግማሽ ቤት ልንወስድ ነው። ብናገር አማቴን እገላቸዋለሁ። ጫልቱ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ይቅርታ ሐጂ... ቴምብሩን ነጋዴ ጋ ወስጄ አስገምቼው ነበር። ምንም አያወጣም» አልኩ።

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ዱጋ ዳ?» አሉኝ። እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። ፊታቸው ጥቁር ሲል ሳይ ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

ሐጂ ከድር ግን ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ዕቃውን የፈለገው ሰው ሁሌም ያናንቀዋል።»

ሰው ሁሉ አብሯቸው ሳቀ። ገመቹም «ነቅቼብሃለሁ! ብቻህን ልትበላው ነው» አለኝ። እኔ መማል ጀመርኩ። ስምል የባሰ ሳቁ።

አማቴ ፊታቸው ተመለሰ። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው «ድሮም ዓይኑ አላማረኝም ነበር» አሉ... ደስ ብሏቸው። ያኔ መማሉን ተውኩት። ቀጣፊ መባሌ ለሳቸው መድኃኒት ከሆነ ይሁን።

ጫልቱና ወንድሟ ተቃቅፈው አለቀሱ። ማታ ቤታችን ስንገባ «የቤቱ ውል ላይ እንዳትፈርሚ» አልኳት። «መቼ አጣሁት» አለችኝ።

ትናንት ገመቹ ደወለልኝ። ድምፁ ማር ማር ይላል። «ያ የቴምብር ነጋዴ ሱቁ የት ነበር?» አለኝ።

«ገሜ፣ የነገርኩህ እውነቴን ነው። ለማንኛውም ሄደህ ጠይቅ፣ አባባ ግን እንዳይሰሙ።»

«አሁንም ልታስፈራራኝ ነው?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። እኔ ሰኞ ስልኬን አጥፍቼ ነው የምውለው።