ከአባባ አውራ ጣት እስከ አውታሩ

ባለፈው ሳምንት አባባን ለእጃቸው ሕክምና ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ፣ ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ይዣቸው ሄጄ፣ የምታክማቸው ልጅ ቀኝ እጃቸውን የቀለጠ ሰም ውስጥ እስከ አንጓው ነክራ ስታወጣው፣ ሽታው ድንገት ወደ አፍንጫዬ መጣና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አደረገኝ። ልጅቷ ሰሙ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ ላጠችላቸውና በዕብራይስጥ አያቷ እንደሆኑ ሁሉ "ሳባ፣ ጨብጥ፤ ጠንከር አድርገህ ጨብጥ" አለቻቸው። እሳቸውም ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ሳይጨብጥ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆመውን እጃቸውን እያዩ "በል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!" ብለው በአማርኛ ተቆጡት። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ፤ ያ እጅ እንዴት ይጨብጥ እንደነበር እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል፣ በማትናሱ፣ ልጆችን ቀስት የሚያስተምር ሊዮኒድ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ሰው ነበር፤ ጠዋት በአሮጌው ከተማ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ ውስጥ፣ ጫማ ይጠግናል፣ ከሰዓት በኋላ እኛን ይጠግናል። ለእኔ ያዋሰኝ ቀስት ከእንጨት ብቻ የተሠራ፣ ማነጣጠሪያ እንኳ የሌለው የድሮ ዓይነት ነው፣ የመረጥኩትም ውበቱን አይቼ እንጂ ጠባዩን አውቄ አይደለም። ጠባዩማ! አውታሩ ክር ነው፣ ክር ደግሞ ይለጠጣል፤ በተለጠጠ ቁጥር ወደ እንጨቱ ይጠጋል፣ ሲጠጋ ደግሞ ፍላጻውን ወርውሮ ሲመለስ ቀስቱን የያዘውን ክንድ ይገርፋል። መድኃኒቱ አውታሩን ካንዱ ጫፍ ፈትቶ ጥቂት ዙር ማክረር ነው፤ የከረረ ክር ያጥርና ከእንጨቱ ይርቃል። ታዲያ ከልክ በላይ ካከረሩት ፍላጻው ጉልበት ያጣና ዒላማው ሳይደርስ አፈር ይልሳል። ልኩን ሊዮኒድ ያሳየን በራሱ እጅ ነው፤ እጅን ጨብጦ የቀስቱ መያዣ ላይ ማስቀመጥ፣ አውራ ጣትን ወደ አውታሩ ቀና ማድረግ፣ አውታሩ የጣቱን ጫፍ ከነካ ልክ ነው። ግን የአዋቂ እጅ መሆን አለበት፣ የኔ እጅ ደግሞ ያኔ የድመት መዳፍ ታክላለች።

እማዬ ክንዴ ላይ የመጀመሪያውን ሰንበር ያየችው ሳህን ሳጥብ ነው። "ማን ነው የመታሽ?" ብላ ጮኸች፤ ትምህርት ቤት ሄዳ የሆነ ሰው አንቃ ልትመጣ ነጠላዋን ስትፈልግ የቀስቱ ክር ነው ብዬ ባስረዳት፣ ማስረዳቴ ነገሩን አባሰው። "በጀርባዬ አዝዬ አውሮፕላን የወጣሁት ልጄን ክር እንዲገርፋት ነው እንዴ?" አለች። ሊዮኒድ የሰጠኝ የክንድ መከላከያ ቆዳ ለአዋቂ የተሠራ ስለነበር ቀጭን ክንዴ ላይ እየተንሸራተተ አንጓዬ ጋ ይከመራል፣ አውታሩም ራቁቱን የቀረውን ቦታ መርጦ ያገኘዋል። "አንድ ሰንበር ደግሜ ካየሁ ይህ ቀስት ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ሰንበት ምስክሬ ናት" አለች፤ እማዬ ሰንበትን ከጠራች ደግሞ ዋዛ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ከፋብሪካ ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቀስቱን አምጪው ይሉኛል። ጎንደር ሳሉ ሸማኔ ስለነበሩ የክር ነገር ያንገበግባቸዋል። መያዣው ላይ ያን ሰፊ እጃቸውን ጨብጠው ያሳርፉና አውራ ጣታቸውን ያቆማሉ፤ ጣቱ ከታጠፈ አውታሩ ላልቷል ማለት ነው፣ እንደገና ይፈቱታል፣ ያከርሩታል፣ ሰም ይቀቡታል፣ ጫፉን ጫማቸው ላይ አስደግፈው በጉልበታቸው ያጎብጡትና መልሰው ይወጥሩታል። እንጨቱ ሲጥ ባለ ቁጥር አሁን ተሰበረ እላለሁ። እኔ በዕብራይስጥ "ዲ አባ፣ በቃ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው በአማርኛ "ዝም በዪ አንቺ ልጅ፣ ክር ንግግር አይወድም" ይሉኛል፣ እማዬ ደግሞ ከማጀት ብቅ እያለች ክንዴን አገላብጣ ትመረምረኛለች። ያ ሁሉ ወር ያለ ሰንበር አለፈ።

ጉድ የፈላው በልጆች የቀስት ውድድር ዋዜማ ነው። የድሮው አውታር ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ጋ ተበጣጥሶ ተገኘ፣ ሊዮኒድም ሱቁ ውስጥ ጫማ ከሚሰፋበት ጠንካራ ክር አዲስ ገምዶ፣ ሰም አጥግቦ ሰጠኝ፤ አዲስ ክር ብዙ ካልተወረወረበት እየተለጠጠ ነው የሚሄደው፣ ተጠንቀቂ አለኝ። አባባ አውታሩን በጣታቸው አሽተው "አይታመንም" አሉ። ይህ አንሶ እማዬ "ነገ እኔም መጥቼ ነገሩን በዐይኔ አያለሁ" ብላ ቁጭ!

ውድድሩ አርብ ጠዋት ራሞት አጠገብ ባለ ሜዳ ነበር። ሰው ሁሉ በመኪና ሲመጣ እኛ ሦስታችን ባዶ ከሆነው አውቶቡስ ወረድን፣ አባባ ቀስቱን በአንሶላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል፤ ሾፌሩ የዓሣ ማጥመጃ ነው ወይ ብሎ ጠይቋቸው ነበር፣ በዚያ በረሃ! ቀኑ ሻራቭ ነበር፣ ያ ከበረሃ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ ሰሙን እንደ ቅቤ ያለሰልሰዋል። እማዬ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎች እናቶች ዒላማውን ያያሉ፣ የኔዋ ዐይኗን ከክንዴ አትነቅልም።

የመጀመሪያዎቹ ፍላጻዎች ደህና ሄዱ፣ ልቤም ትንሽ ረጋች። ከዚያ የአውታሩ ድምፅ ተቀየረ፤ ድም ይል የነበረው ጠፍ ማለት ጀመረ፣ የአውታሩ ነፋስም ከክንዴ ጠጉር ላይ ሲያልፍ ተሰማኝ። አባባ ተመልካቹን ከሚከለክለው ገመድ ማዶ ሆነው "ላልቷል! አምጪው!" ብለው ጮኹ፣ ዳኛው ዘወር ብሎ አያቸው። በውርወራ ዙሮቹ መካከል ወደሳቸው ሮጥኩ፤ እጃቸውን ጨብጠው ቢያስገቡ አውራ ጣታቸው ጎበጠ። ፈቱት፣ አከረሩት፣ ወጠሩት፤ ላባቸው እንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል። ተመልሼ ወረወርኩ፣ እንደገና ጠፍ ማለት ጀመረ፣ እንደገና ሮጥኩ። በዚህኛው ግን አባባ እማዬን ገልመጥ አደረጉና ፈርተው አብዝተው አከረሩት፤ ቀጣዩ ፍላጻዬ ከዒላማው በፊት መሬት ላይ ተተከለ፣ ሁለት ልጆች ሳቁ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አንድ ፍላጻ ቀረኝ። ያን ያህል የከረረው አውታር ሙቀቱ ውስጥ ቆይቶ እየላላ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ምን ያህል እንደላላ መለኪያው ከገመዱ ማዶ ነው፣ ዳኛው ደግሞ ፊሽካውን ነፍቷል። የራሴን እጅ ጨብጬ አስገባሁ፣ ምንም አልነገረኝም። መከላከያው እንደገና ተንሸራትቶ አንጓዬ ላይ ተከምሯል፣ እማዬ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። ብተወው ማንም አይቆጣኝ ነበር፤ ቀስቱ ግን ከነውበቱ እጄ ላይ ነበር፣ ልተወው አልቻልኩም። ጎትቼ ለቀቅኩ።

ፍላጻው የዒላማው መሃል፣ ቢጫው ውስጥ ገባ። አውታሩም ክንዴን እንደ አለንጋ ላጠው፤ ሕመሙ ዐይኔን አጨለመብኝ፣ ሰንበሩ ሲያብጥ እያየሁት ነበር። ሰው ያጨበጭባል፣ እማዬ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወደ እኔ ትመጣለች፣ አለቀልኝ፣ ቀስቱ ሄደ አልኩ በልቤ። ከየት እንደደረሱ አላውቅም፣ አባባ ገመዱን ተሻግረው ክንዴን ያዙት፤ ያ ሰፊ እጃቸው ሰንበሩ ላይ ልክ ገጠመና ከነሕመሙ ሸፈነው። "ጎሽ የኔ ልጅ! ጎሽ ትርንጌ!" እያሉ በሌላኛው እጃቸው ትከሻዬን ይደበድባሉ፣ ያኛውን ግን አያነሱትም። እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ። ከሰንበት በፊት ያለውን የመጨረሻውን አውቶቡስ ይዘን እስከ ቤታችን ድረስ አባባ ክንዴን ጨብጠው ተቀመጡ፣ መዳፋቸው ሰም ሰም ይሸታል፣ እኔም እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ መስኮቱን አያለሁ።

እሑድ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ ላይ ከአሮጌ የቆዳ ቦርሳ ተቆርጦ በክንዴ ልክ የተሰፋ፣ ውስጡ በጥጥ የተሞላ መከላከያ አገኘሁ። እማዬ ስለ ሰንበሩ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ቀስቱም አልተመለሰም። ማትናሱ ክለቡን ሲዘጋ ሊዮኒድ ለእኔው ተወልኝ።

ከኩፓት ሆሊም የተመለስን ዕለት ቀስቱን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩት። አውታሩን ሰም ቀባሁት፣ ወጠርኩት፣ እጄን ጨብጬ ለካሁት፤ እጄ አሁን የአዋቂ ነው፣ ጥቂት ዙር አክርሬው አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ልክ መጣ። ከዚያ አባባ አጠገብ ተቀመጥኩና እጃቸውን በእጄ ጨብጬ መያዣው ላይ አሳረፍኩላቸው፣ አውራ ጣታቸውን አቆምኩ። አልደረሰም። በጣታቸውና በአውታሩ መካከል ያ እጅ የመነመነውን ያህል ክፍተት ቀረ፣ የኔን አንድ ጣት የሚያስገባ።

አባባ ክፍተቱን ትክ ብለው አዩትና ፊታቸው እንደ ድሮው ኮስተር አለ። "ከሯል" አሉ፤ "ትንሽ ፍቺለት።"

ክሩ ልክ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። እማዬ ከማጀት በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ራሷን በትንሹ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ቀስቱን ፈታሁት፣ አውታሩን ጥቂት ዙር መለስኩት፣ ወጠርኩት፣ እጃቸውን አስገባሁ፤ አሁንም አልደረሰም፤ ደግሜ ፈታሁት። መጨረሻ ላይ አውታሩ እንጨቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው የጣታቸውን ጫፍ ነካ።

"አሁን ልክ መጣ" አሉ አባባ፣ ፈገግ ብለው።

ቀስቱን ከሶፋው በላይ ከነአውታሩ ሰቀልኩት፤ ተወጥሮ የሚከርም ቀስት ይደክማል፣ ሊዮኒድ ቢያይ ይሰድበኝ ነበር። እንደዚህ ላልቶ የሚወረውርበት ሰው ክንዱ እንደሚላጥም ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አባባ ግን በየቀኑ እጃቸውን አስገብተው ይለኩታል፣ እኔም አንድ ዙር አላከረርኩትም።