ፀሐይዋ ሳትጠልቅ

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሰው ከተጣሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይታረቁ ነበር፤ መጽሐፉ ያዛላ! ክረምት ላይ ደመናው ፀሐይዋን ሲሸፍንባቸው፣ እንዳትቀድማቸው ገና በቀትር ለእርቅ ይነሡ ነበር።

በሕይወታቸው መጨረሻ ቀን የጎረቤታችን በሬ ጤፋችን ውስጥ ገብቶ ሁለቱ ሽማግሌዎች ክፉ ተነጋገሩ። አመሻሹ ላይ አያቴ ዘንጋቸውን ሲያነሡ፣ «አባባ፣ ደክሞዎታል፤ ነገ ይሂዱ» አልኳቸው።

«ፀሐይዋ ትጠብቀኛለች?» ብለውኝ ወጡ።

ታርቀው፣ ጠላ ቀምሰው ተመለሱ። ሌሊቱን በእንቅልፋቸው አረፉ።

በቀብራቸው ላይ ጎረቤታችን «እንኳን ትናንት መጣህልኝ!» እያሉ ሲያለቅሱ ሐዘኔ ቀለል አለልኝ።

ዘንጋቸው ዛሬም ከበሩ ጀርባ ቆሟል፤ የሚያነሣው የለም። ትናንት አማኑኤል ከተማ ካለው ወንድሜ ጋር በስልክ ተጣላን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መልሼ ደወልኩለት። አንዴ እንኳ ሳይጠራ አነሣው።

«ፀሐይዋን እያየሁ ልደውልልህ ነበር» አለኝ።