የወንድሜ ፎጣዎች

ታላቅ ወንድሜ ሻንቶ ላይ የወንዶች ፀጉር ቤት ነበረው። አስከሬኑን ከኦቶና ሆስፒታል አምጥተን ከቀበርነው በኋላ ቤቱን እኔ ከፈትኩት። መላጨትና መከርከም ከጎኑ ቆሜ ተምሬያለሁ። ፎጣ ግን እሱ ነበር የሚያጥበው። ለእኔ ለምን እንዳልተወው አላውቅም።

አባታችን ቤቱ እንዲቀጥል አልፈለገም። «ወንበሩን ሽጥና ወደ እርሻው ና» አለኝ። ከሐዘኑ ጀምሮ ፂሙን አልተላጨም ነበር። ሽማግሌዎች ይብቃህ ሲሉት፣ «በልጄ ወንበር ላይ እላጫለሁ። ስለ ቤቱም ያኔ እንወስናለን» አላቸው። በገበያ ቀን እንደሚመጣ ነገረኝ።

ፎጣዎቹ በእኔ እጅ ሲታጠቡ እንደ ቆርቆሮ ደርቀው ቀሩ። አንድ ቀን የባጃጅ ሾፌሩን ደንበኛችንን ላጭቼ አንገቱን ስጠርግለት ዘሎ ተነሣ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ፎጣህ ከምላጩ ይብሳል!»

ተራ የሚጠብቀው ጓደኛው ሳቀ። «ታዲያ ምላጭ ለምን ትገዛለህ? በፎጣው ላጨን እንጂ!»

እኔም ሳቅኩ። በማግስቱ ሳሙና ጨምሬ አጠብኩ። ባሰ። የቧንቧችን ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ ስለሚወጣ አረፋ አያወጣም፤ ሳሙናው እንደ እርጎ ተቆራርጦ ክሩ ውስጥ ይቀራል። የመላጫ ውሃ የምናፈላበትን ማንቆርቆሪያ ሳጥብ ደግሞ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። ፎጣውን የሚያሻክረውም ይኸው ነበር። ውሃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው፤ የዝናብ ውሃ የለበትም። ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ተምረነዋል፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ፎጣ ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ያኔ በርሜሉ ትዝ አለኝ። ከአሸንዳው ሥር የቆመ ሰማያዊ በርሜል ነው። ወንድሜ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅመው ቧንቧ ሲጠፋ ለመጠቀም ይመስለኝ ነበር። እኔ ወለል አጥቤበት ጨርሼዋለሁ።

ደግነቱ ገበያው ሳይደርስ ዘነበ። ፎጣዎቹን፣ ቅርፊቱን እንዲያሟሟ አቼቶ ጠብ ባደረግኩበት ሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኳቸው። ከዚያ በዝናቡ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙና አጠብኳቸው። ደጋግሜ አለቀለቅኳቸው። አራገፍኳቸውና ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ ሰቀልኳቸው። ፈጽመው ሳይደርቁ በእጄ አሸኋቸው። እንደ እሱ ፎጣዎች አልሆኑም። ግን ይታጠፋሉ።

አባቴ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ላጨሁት። ጉንጮቹ ከስተዋል፤ ፂሙ ሸፍኖብኝ ነው እስከዚያ ያላየሁት። ፎጣውን ሳቀርብ ከእጄ ተቀበለኝና ራሱ ፊቱ ላይ አደረገው። ቆየ። እኔ ምላጩን ደጋግሜ አጠብኩ።

«የዝናብ ውሃ ነው?» አለ ከፎጣው ሥር።

«አዎ፣ አባባ።»

«በርሜሉን እኔ ነኝ በጋሪ ያመጣሁለት።»

ፎጣውን አወረደ። አጥፎ የወንበሩ ክንድ ላይ አኖረው። ወጥቶ በርሜሉን ሲያይ በበሩ አየሁት።

«ክዳን የለውም» አለ። «ቅጠል ይገባበታል። በሚቀጥለው ገበያ ክዳን ይዤ እመጣለሁ።»

ወንበሩን ስለ መሸጥ አላነሣም። ተራ የሚጠብቀው ሰው ተቀመጠ።