ያልተቃናው ፓራፋንጎ

በአሮጌ መኪና ላይ ጉልበታም ሞተር የሚገጥም ሰው የሚሸሸው ነገር አለው። የሺሀረግ ጂንካ ባለው ግቢዋ ክፍል ያከራየችው ሰው ላይ የፈረደችው እንዲህ ብላ ነው።

ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን አጣጥፎ ያስቀምጥና ማንጎው ሥር ከቆመችው አሮጌ ፊያት ጋር ይውላል። ሞተሯን ለውጧል፤ ፍሬኗን አጠንክሯል፤ ወንበሮቿን አዲስ ቆዳ አልብሷል። በር ሲንኳኳ ግን ፈጥኖ ሸራ ይጎትትባታል። በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ያላቃናው ቆርቆሮ አንድ ብቻ ነው፤ ከፊት ጎማ በላይ ያለው የቀኙ ፓራፋንጎ እንደተሰረጎደ ቀርቷል። በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

«ልትድራት ነው እንዴ እንዲህ የምታስጌጣት?» አለችው አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች። «ደግሞስ ይህን ስርጉድ ለማን ትተኸው ነው?»

«ለባለቤቶቹ፣ እትዬ።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አልዱባ መንገድ ላይ ልጅ ገጭቼ ሳልቆም አለፍኩ። ይሙት ይትረፍ አላውቅም። እሷ ስታልቅ ይዣት ሄጄ ሽማግሌ ፊት እቀርባለሁ።»

«መቼ ነው የምታልቀው?»

«መሪዋ ትንሽ ይቀራታል።»

ዓምና ስትጠይቀው የቀራት ፍሬን ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሞተር። የሺሀረግ ፍርዷን አረመች። በመኪናዋ ሊሸሽ ነው ብላ ነበር፤ ለካ ጥገናዋ ውስጥ ተደብቋል።

በየገበያው ቀን ወደ አልዱባ አይሱዙ ይሄዳል። የልጁ ወላጆች የታደሰች ፊያት አይጠብቁም ነበር። በተገኘው መኪና፣ ካልሆነም በእግሩ ሄዶ፣ «የገጨሁት እኔ ነኝ» ሊላቸው ይገባ ነበር።