ዕቃውን ለተኳረፈችው ጎረቤት

ሥራ የጀመርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ድርጅቱ ከውጭ አገር የሚላኩ ዕቃዎችን ተቀብሎ በየቤቱ ያደርሳል። ቢሮው ኦሎምፒያ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ነበር። የስርጭት ተቆጣጣሪው አቶ ግርማ የትከሻ ቦርሳ፣ በካርቦን የሚገለበጥ የርክክብ ጥራዝና ሁለት እስክሪብቶ አስረከቡኝ። ሁለተኛው እስክሪብቶ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "አንደኛውን ደንበኛ ይወስደዋል" አሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ሁለቱንም ወስደውብኝ ነበር።

ከዚያ ሕጉን ነገሩኝ። "ፊርማ የሌለው ዕቃ የጠፋ ዕቃ ነው። ተቀባዩን ካጣህ ሦስት ጊዜ ትመላለሳለህ፤ በሦስተኛውም ካጣህ ዕቃው ወደ ላኪው ይመለሳል። ለጎረቤት መስጠት ትችላለህ፣ ግን በራስህ ኃላፊነት ነው። ዕቃ ከጠፋብህ ወይም ተነክቶ ከደረሰ ፋይልህ ላይ ይጻፋል። ሦስት ከተጻፈብህ ቦርሳውን መልሰህ ወደ ቤትህ።"

"የተጻፈው በስንት ዓመት ይሰረዛል?" አልኳቸው።

"አይሰረዝም" አሉኝ።

የደረሰኝ ክልል ካዛንቺስና ቂርቆስ ነበር። በመጀመሪያው ዕቃ ላይ የተጻፈው አድራሻ "ካዛንቺስ፣ ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ በር" ይላል። ከዳቦ ቤቱ ገባ ብዬ አሥራ አንድ ሰማያዊ በር ቆጠርኩ። ግራ ስለገባኝ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ የሴትየዋን ስም ጠራሁና "ከውጭ ዕቃ መጥቶላቸው ነው" ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወጅኩ። ዛሬ ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የምነግረው ይህን እንዳያደርግ ነው።

ጫማው የተወለወለ አንድ ሰው ወዲያው መጣ። "እኅቴ ናት፤ ገበያ ሄዳለች። ስጠኝ እኔ እቀበልላታለሁ" አለኝ። ፈረመልኝ። እንደዚያ ያማረ ፊርማ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ሴትየዋ አራት እኅቶች እንጂ ወንድም እንደሌላቸው ያወቅኩት ማግስቱን ቢሮ ድረስ ሲመጡ ነው። አቶ ግርማ ፋይሌን አውጥተው አንድ ብለው ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ተጠነቀቅኩ። ተቀባይ ከሌለ፣ የተቀባይዋ የልብ ወዳጅ ማን እንደሆነች አጣርቼ ለእሷ መስጠት ጀመርኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ። አንዲት የቂርቆስ ደንበኛዬ ሳትኖር፣ ጠዋትና ማታ ከቤቷ ለማትጠፋው ጓደኛዋ አንድ ካርቶን ሰጠሁ። ጓደኛዋ "እንዳይሰበር ልየው" ብላ ከፈተችው። ጫማው ልኳ ሆነ። ሽቶውም ለማንም የሚሆን ነው። ደንበኛዬ ካርቶኑን ስትቀበል ጫማው ሠርግ ሄዶ ተመልሶ፣ ሽቶው ግማሽ ደርሷል።

ጓደኛዋን ብጠይቃት ቅር አላት። "እኔና እሷ ምን አለን? የእሷ የእኔ ነው" አለችኝ።

አቶ ግርማ ሁለት ብለው ጻፉ። "እንግዲህ አንዲት ቀርታሃለች፤ ተንከባከባት" አሉኝ። ሚስቴ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበርና ነገሩ አላሳቀኝም።

ለዘበኛም ሞክሬአለሁ። አንዱ ካርቶኑን ትራስ አድርጎት ስለተኛበት፣ ውስጡ የነበረው ብስኩት ዱቄት ሆነ። ተቀባዩ ደግ ሰው ስለነበሩ አልከሰሱኝም፤ በሻይ በማንኪያ እንደበሉት ነገሩኝ። ለባለ ሱቅም ሰጥቼ፣ በማግስቱ ዕቃውን ከሳሙናና ከክብሪት አጠገብ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አግኝቼዋለሁ። ገዢ ሳይመጣ ደረስኩበት።

ነገሩ የተለወጠው በእትዬ አስካለ ዕቃ ነው። እትዬ አስካለ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ፤ ዕቃውን የላከችላቸው ሴት ልጃቸው ናት። ሁለት ጊዜ ሄጄ አጣኋቸው፤ አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ የልደታ ማኅበር። በሦስተኛው ቀን ሐምሌ ዝናቡን ያወርደዋል፣ በራቸው አሁንም ተቆልፏል። ብመልሰው ልጅቷ ትከሳለች፤ ጥዬው ብሄድ ሦስተኛዋ ትጻፍብኛለች። ግቢው ውስጥ በሯ የተከፈተ አንዲት ቤት ብቻ ነበረች፤ የእትዬ ጥሩወርቅ። የሁለቱን መኳረፍ ደግሞ ከኡራኤል እስከ መናኸሪያ የማያውቅ የለም።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይህን ዕቃ ያስቀምጡልኛል?" አልኳቸው።

"የማን ነው?"

"የእትዬ አስካለ።"

"የኔ ልጅ፣ ሰው አልነገረህም እንዴ? ከእሷ ጋር ከተነጋገርን ስምንት ዓመታችን ነው። ለልጅ ልጇ ክርስትና ትልቁን ድስቴን ተውሳ ያለ ክዳን የመለሰች ሴት ናት።"

"ሰምቻለሁ። እንግዲያው ይቅር፤ ወደመጣበት ይመለስ" አልኩና ቦርሳዬን አነሳሁ።

"ቆይ እስቲ" አሉኝ። "ቢመለስ ምን ልትል ነው? ጥሩወርቅ ናት ያስመለሰችው ልትል አይደል? አምጣው።"

ቀጥሎ ያደረጉትን ድርጅታችን ውስጥ እንኳ አይቼ አላውቅም። ከግቢው ሁለት ምስክር ጠሩ። በካርቶኑ ላይ ፕላስተሩ ስንት ዙር እንደዞረ አስቆጠሩን፤ ሰባት። ጃንጥላ ይዘን ሱቅ ሄደን አስመዘንነው፤ ሁለት ኪሎ ከሩብ። ይህን ሁሉ በወረቀት አስጽፈው እኔንም አስፈረሙኝ። በመጨረሻ ካርቶኑን ቁምሳጥኑ ላይ አወጡት፤ ራሳቸው በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። "እስክትመጣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አሉኝ።

ያም ሆኖ ጭንቀቱ አለቀቀኝም፤ ራት አልበላ አለኝ። ሚስቴ ምን ሆንክ ብትለኝ "ዶሮን ለቀበሮ አደራ ሰጥቼ መጣሁ" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ እትዬ አስካለ ግቢው መሀል ቆመዋል። በሁለቱ በሮች መካከል ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። እትዬ አስካለ ወደዚያ ቤት አልገባም አሉ፤ እትዬ ጥሩወርቅም በእጄ አልሰጣትም አሉ። ካርቶኑን ተሸክሜ ስድስቷን እርምጃ እኔ ሄድኩ።

"በላት፣ ፕላስተሩን ትቁጠር" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከበራቸው።

"ቁጠሩ ብለዋል" አልኩ።

"በላት፣ ሌባ አላልኳትም። ደግሞ ያ ድስት ሲመጣም ክዳን አልነበረውም" አሉ እትዬ አስካለ።

"በላት፣ አሁን ስለ ድስት ማን አነሳ?"

እትዬ አስካለ ሰባቱን ዙር ቆጠሩ። ሱቅ ሄደው አስመዘኑ። ካርቶኑን እያገላበጡ የተቀደደ ነገር ፈለጉ፤ ሲያጡ ቅር ያላቸው ይመስል ነበር። ውስጡ ሹራብ፣ ጫማና የደም ግፊት መለኪያ ተገኘ። እዚያው ክንዳቸው ላይ አስረው ለኩት፤ ከፍ ብሏል። "በላት፣ በእሷ ምክንያት ነው" አሉኝ። ከዚያም ጥራዙ ላይ ፈረሙልኝ።

የሥራዬን ጥበብ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ወዳጅ ዕቃውን የራሱ አድርጎ ያየዋል፤ የተኳረፈ ሰው ግን አንዲት ክር ብትጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ በኋላ አዲስ ሰፈር ስገባ የቤት ቁጥር ከመጠየቄ በፊት ማን ከማን እንደተኳረፈ እጠይቅ ነበር። ለቤት ቁጥሩ የሚመልስልኝ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለኩርፊያው ግን ወንበር ስበው ያስቀምጡኛል።

ሁሉንም በአንዲት ደብተር እመዘግባለሁ። በውኃ ተራ የተጣሉ ጥሩ ናቸው። በዶሮ የተጣሉ በጣም ጥሩ ናቸው። በውርስ የተጣሉት ግን አይሆኑም፤ እነሱ ዕቃውን እንደ ድርሻቸው ይቆጥሩታል። ደግሞ መዝገቡን ቶሎ ቶሎ ማደስ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ሁለት የቄራ ሰዎች መታረቃቸውን ሳልሰማ ለአንደኛው የሌላኛውን ዕቃ ሰጠሁ፤ ሁለቱ ተያይዘው ካርቶኑን ሲከፍቱ ደረስኩ። ባለቤቱ አብሮ ስለነበረ ብቻ ተረፍኩ።

አቶ ግርማ አንድ ቀን ቦርሳዬን ሲፈትሹ ደብተሯን አገኟት። በሩን ዘግተው አስቀመጡኝ።

"ይሄ ምንድን ነው? 'ወይዘሮ እከሊት ከአቶ እከሌ ጋር፣ በአጥር፣ ከጥምቀት ወዲህ' ይላል። ለማን ነው የምትሠራው?"

"ለእርስዎ ነው ጌታዬ" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሳይስቁ አዳመጡኝ። ፋይሌን አውጥተው አዩት። ከሁለተኛዋ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አልተጻፈበትም። "ይህን ለሥራ አስኪያጁ እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?" አሉኝ። በመጨረሻ 'በጥብቅ የተመረጠ ጎረቤት' ብለው ጻፉት። እኔንም የክልሉ ተቆጣጣሪ ረዳት አደረጉኝ፤ በሁለት ዓመቱም ሞተር ሰጡኝ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። የእነ እትዬ አስካለ ዕድር ዳኛ አቶ ታደሰ አንድ የፋሲካ ሰሞን አስቆሙኝ። "ሁለቱ የሚሰሙት አንተን ነው። በላት፣ በላት ሲሉህ ስንት ዓመትህ? አብረኸን ሽማግሌ ሁንና ለበዓሉ እናስታርቃቸው" አሉኝ።

"ደስ ይለኛል አባባ። ግን የበዓል ሰሞን ዕቃ ይበዛብናል፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁን" አልኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ ሞተሬ ተበላሸች አልኩ። ለአዲስ ዓመት ታመምኩ አልኩ። በሚቀጥለው ፋሲካ አቶ ታደሰን ሳያቸው መንገድ ቀየርኩ። ያን ግቢ የሚያህል አስተማማኝ ግምጃ ቤት በከተማው አልነበረኝም፤ እትዬ ጥሩወርቅ የእትዬ አስካለን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ግማሽ ዕቃ ያስቀምጡልኝ ነበር። ፋይሌ ላይ አንዲት ክፍት ቦታ አለች፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። አቶ ታደሰ ሳያስታርቋቸው ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ሁለቱ ሴቶች በሁለት ጥግ ቆመው ሲያለቅሱ አየሁና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ከዚያ የካዛንቺስ መፍረስ መጣ። ግቢው ሲነሳ እኔም በሞተሬ ሄድኩ። አይሱዙ መኪኖች በተራ እየጫኑ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ጎን ጠርተው "የት ኮንዶሚኒየም ደረሳት?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "እንደጠየቅኩ እንዳትነግራት" አሉ። ትንሽ ቆይተው እትዬ አስካለም ይህንኑ ጠየቁኝ፤ እሳቸውም እንዳትነግራት አሉኝ። ለአንደኛዋ የደረሳቸው በከተማው በወዲያ ጫፍ፣ ለሌላኛዋ በወዲህ ጫፍ ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የእትዬ አስካለ ዕቃ መጣ። ያኔ እኔ ቢሮ ተቀማጭ ነበርኩ፤ ግን ይህን ራሴ አደርሳለሁ ብዬ ይዤው ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። የሉም። አሁን ጊዜው የሞባይል ነውና ደወልኩ።

"ሆስፒታል ነኝ ልጄ፤ ወረፋ ላይ ነኝ። እስከ ማታም አልደርስም" አሉኝ።

"ለጎረቤት ልስጥልዎት?"

ከጀርባቸው የወረፋ ቁጥር ሲጠራ ይሰማኛል።

"እዚህ እኮ ማንንም አላውቅም" አሉኝ። "ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው። የተጣላሁት ሰው እንኳ የለኝም።"

ዘዴዬን ማወቃቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

"እሷ ጋ ውሰድልኝ" አሉ ቀጥለው። "ጥሩወርቅ ጋ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው ለእሷ።"

ከተማውን አቋርጬ ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ በሩን ከፍተው ካርቶኑን ሲያዩ ምንም አልጠየቁኝም። መነጽራቸውን አድርገው ፕላስተሩን ቆጠሩ፤ አምስት ዙር። የድሮው ቁምሳጥን አዲሱ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ሞልቶታል። ዕቃውን እኔ አወጣሁላቸው፤ እሳቸው ክንዳቸው አይነሳም።

"ነገ ጠዋት መጥቼ እወስድላቸዋለሁ" አልኩ።

"አትመጣም" አሉኝ። "በሰው እጅ አልሰጥም። ራሷ መጥታ ትውሰድ፤ በላት።"

ለእትዬ አስካለ ደውዬ አልኳቸው። እሳቸውም በማግስቱ ሦስት ታክሲ ቀይረው ጠዋት ሄዱ። የርክክቡን ወረቀት ለመውሰድ ማምሻውን ብቅ ስል ካርቶኑ ገና ቁምሳጥኑ ላይ ነበር፤ ፕላስተሩም አልተነካ። ሁለቱ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ድስቱ ክዳን ይከራከራሉ። "በላት" የሚል አልነበረም። በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋቸውና፣ ይህን ክርክር ስንት ፋሲካ እንዳስቀረሁባቸው ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሆነ።

ፊርማውን ተቀብዬ ወጣሁ። ሦስተኛዋ ሳትጻፍብኝ ጡረታ ወጣሁ።

ለጀማሪዎች የምለው ይህ ነው። የሰው ስም ጠርታችሁ "ዕቃ መጥቷል" ብላችሁ መንገድ ላይ አትጩሁ። ሦስት ጊዜ አንኳኩ። አደራውን ስሙ እንዳይነሳ ለሚፈራ ሰው ስጡ፤ የቀረው ሁሉ ፕላስተር ነው። አስታርቁን የሚሏችሁ ሽማግሌ ከመጡ ደግሞ ሂዱ፤ ሥራው ሌላ ግምጃ ቤት አያጣም።